የማይታየው የማሳ ክፍል፦ ሥር፣ ዘርና አፈር በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ

በ2015/16 የምርት ዘመን በሰሜን ጎንደር ዞን በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ወረዳዎች የደረሰው ድርቅ ሰብልን፣ እንስሳትንና የሰውን ኑሮ ክፉኛ የጎዳ ነበር። ስለ ድርቅ ሲነገር በአብዛኛው የሚጠየቀው ስለ ዝናቡ ነው፤ መቼ ጀመረ፣ መቼ አቋረጠ፣ ምን ያህል ጎደለ የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ባልተናነሰ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ፤ የዘነበው ዝናብ ወደ አፈር ከገባ በኋላ ሰብሉ ምን ያህሉን ሊያገኘው ቻለ? የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከመሬት በታች ነው። አርሶ አደሩ ዘወትር የሚያየው ቅጠሉን፣ አገዳውንና ዛላውን ሲሆን፣ የምርቱን ዕጣ አስቀድሞ የሚወስነው ሥር ግን ከእይታ ውጭ ሆኖ ይኖራል።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ፣ ዳባት ደግሞ ከ2,600 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ የሚያልፈው መንገድ ሊማሊሞን ሲወርድ በአጭር ርቀት ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ያደርሳል። ከላይ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፣ ከታች ማሽላ ይዘራል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ ቦታ ከእህል ዘር ጸንቶ የሚበቅለው በዋናነት ገብስ ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ አንድ ቀበሌ ከሌላው፣ አንዳንዴም የአንድ አባወራ ላይኛው ማሳ ከታችኛው፣ በአፈር ጥልቀት፣ በእርጥበትና በቅዝቃዜ ይለያያል። አንድ ዓይነት ዘርና አንድ ዓይነት ምክር ለሁሉም ማሳ እኩል ሊሠራ የማይችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሥር ዕድገት የሁለት ነገሮች ውጤት ነው። አንደኛው ተክሉ ከዘሩ ይዞት የሚመጣው ዘረ መል ሲሆን ሁለተኛው ሥሩ አፈር ውስጥ የሚገጥመው ሁኔታ ነው። ሁለቱ ተደምረው ውጤት ይሰጣሉ ብሎ ማሰብ ቀላል ቢሆንም ነገሩ እንዲያ አይደለም። አካባቢው ዘረ መሉን ያነቃዋል ወይም ያስተኛዋል፤ ያው ዘረ መል በአንድ አፈር ላይ ጥቅም ሲሰጥ በሌላው ላይ ፋይዳ ቢስ፣ አንዳንዴም ጎጂ ይሆናል። ከሌላ አካባቢ የመጣ "ምርጥ" ዘር ደባርቅ ላይ ያልተጠበቀ ውጤት ሲያሳይ ዘሩ መጥፎ ነበር ወይም አርሶ አደሩ ሰነፈ ብሎ መደምደም ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሥር አቅጣጫውን እንዴት ያውቃል?

በሥር ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የተደፋ ክፍል አለ። በዚህ ክፍል ሕዋሳት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የስታርች እንክብሎች በመሬት ስበት ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ሥሩ ቢጋደም እንክብሎቹ ቦታ ስለሚቀይሩ ተክሉ "ታች" የቱ እንደሆነ ያውቃል። ከዚያም ኦክሲን የተባለው ሆርሞን በሥሩ አንድ ጎን በዝቶ እንዲከማች ይደረጋል፤ የዚያ ጎን ዕድገት ሲዘገይ ሥሩ ወደ ታች ይታጠፋል። ለዚህ ስበት የሚሰጠው ምላሽ ጠንካራ የሆነ ዝርያ ሥሩን ቁልቁል ይሰድዳል፤ ምላሹ የላላ ዝርያ ደግሞ ሥሩን ወደ ጎን ይዘረጋል።

ይህ ልዩነት በአንድ ዘረ መል ብቻ እንኳ ሊመጣ እንደሚችል የታወቀው በሩዝ ላይ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረጉት ሥራ፣ በብዙ አገር የሚዘራው "አይ አር 64" የተባለው የሩዝ ዝርያ ሥሩ ጥልቀት የማይኖረው "ዲ አር ኦ 1" በተባለው ዘረ መሉ ላይ ጉድለት ስላለ መሆኑን አሳዩ። ከፊሊፒንስ የደረቅ መሬት ሩዝ ጤነኛውን ዘረ መል በማዳቀል ሲያስገቡለት ሥሩ ወደ ጥልቅ ወረደ፤ በድርቅ ጊዜም የተሻለ ምርት ሰጠ። በገብስም ላይ የጣልያንና የጀርመን ተመራማሪዎች የሥርን አቅጣጫ የሚቆጣጠር "ኢ ጂ ቲ 2" የተባለ ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2021 ለይተዋል፤ ይህ ዘረ መል ሥራውን ሲያቆም የገብሱ ሥር ይበልጥ ቁልቁል ያድጋል። ገብስ የዕለት እንጀራው ለሆነ አካባቢ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ በተገልጋዮች ዘንድ ተደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥርጣሬ መጥራት አለበት። ስለ ዘረ መል መናገር ማለት ከሌላ ፍጡር ባሕርይ ተወስዶ ስለ ተጨመረበት ዘር መናገር ማለት አይደለም። የሩዙ ዝርያ የተገኘው ሩዝን ከሩዝ በማዳቀል ነው። የዘረ መል ዕውቀቱ የጠቀመው ከብዙ ሺህ ቡቃያ መካከል የሚፈለገውን ባሕርይ የያዘው የትኛው እንደሆነ ሥሩ እስኪቆፈር ሳይጠበቅ ለመለየት ነው።

የጥልቅ ሥር ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በአውስትራሊያ በስንዴ ላይ የተደረገ የመስክ ልኬት በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው በዚህ ጥናት፣ ስንዴው ፍሬ በሚያዝበት ወቅት ከ1.35 እስከ 1.85 ሜትር ጥልቀት ካለው አፈር ተጨማሪ 10.5 ሚሊ ሜትር ውኃ ብቻ ማግኘቱ በሄክታር 6 ኩንታል ገደማ ጭማሪ አስገኝቷል። አሥር ሚሊ ሜትር የአንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የውኃው መጠን ሳይሆን ጊዜው ነው፤ ዝናብ አቋርጦ ፍሬው በሚሞላበት ሳምንት የተገኘ ውኃ በቡቃያ ወቅት ከተገኘው እጅግ ይበልጣል። ክረምቱ ቶሎ የሚወጣበት ዓመት በደባርቅና በዳባት የሚጎዳው በዚሁ ጊዜ ላይ ነው።

ነገር ግን ጥልቅ ሥር ጥልቅ አፈር ይፈልጋል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ለብዙ ዘመን ሲታረሱ የኖሩ ተዳፋት ማሳዎች አፈራቸው ታጥቦ ዐለቱ ቅርብ ሆኗል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በፓርኩ በኃላፊነት ያገለገለው ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ የአፈር መሸርሸርን ጥናቱን የጀመረው በዚሁ በሰሜን ተራሮች ላይ ነበር፤ በኋላ በኢትዮጵያ ለተስፋፋው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ምርምር መነሻ ከሆኑት አንዱ ይኸው ሥራ ነው። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር አፈር ብቻ በቀረው ማሳ ላይ አንድ ሜትር ሊወርድ የሚችል ሥር ያለው ዝርያ ቢዘራ ዐለት ዐልፎ ሊሄድ አይችልም። በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ የእርከን ሥራ ከማንኛውም የዘር ምርጫ ይቀድማል፤ እርከኑ የሚይዘው አፈር ለሥሩ የሚሰጠውን ጥልቀት የሚተካ ዝርያ የለም።

አራት የተለያዩ ችግሮች፣ አራት የተለያዩ ሥሮች

በማረሻ የሚታረስ መሬት በየዓመቱ በተመሳሳይ ጥልቀት፣ ማለትም በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስለሚገላበጥ ከዚያ በታች የጠጠረ ንጣፍ ሊፈጠር ይችላል። የበሬና የከብት ርግጫም ይጨምርበታል። ሥር እዚህ ንጣፍ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል ወይም ይቆማል። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ የጉልበት ማነስ ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የቻይናና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በሩዝ ላይ ያሳዩት ግን ሌላ ነው። ሥር ኤትሊን የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙ ልል በሆነ አፈር ውስጥ ተበትኖ ይጠፋል፣ በጠጠረ አፈር ውስጥ ግን መውጫ አጥቶ በሥሩ ዙሪያ ይከማቻል፣ ሥሩም ይህን እንደ ማስጠንቀቂያ ቆጥሮ ዕድገቱን ያቆማል። ለኤትሊን የማይሰማ የሩዝ ዓይነት በዚያው በጠጠረ አፈር ውስጥ ዘልቆ ሄዷል። በሌላ አነጋገር ሥሩ ከመሸነፉ በፊት ራሱ "ይብቃኝ" ይላል። ይህ ግኝት ወደፊት ለዝርያ ማሻሻያ በር የሚከፍት ሲሆን፣ ለዛሬው አርሶ አደር ደግሞ ፍግና ብስባሽ መጨመር፣ እርጥብ ማሳ ላይ ከብት አለመልቀቅ፣ ሥረ ጥልቅ ሰብሎችን ማፈራረቅ ለምን እንደሚመከር ያስረዳል።

በዋልካ አፈር ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ክረምቱ ሲከብድ ውኃ ማሳው ላይ ይተኛል፤ ሥር የሚተነፍሰው አየር ያጣል። አንዳንድ ሰብሎች በሥራቸው ውስጥ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ በመፍጠር ለጥቂት ጊዜ ይቋቋማሉ፤ ባቄላ ግን በዚህ ረገድ ደካማ ነው፣ ውኃ በተኛበት ማሳ ሥሩን የሚያጠቁርና የሚያበሰብስ ሻጋታ ወለድ በሽታም ይበረታበታል። ገብስም ውኃ መተኛትን ከሚጠሉት የእህል ዓይነቶች አንዱ ነው። ለዚህ መፍትሔው ከዘር በፊት ቦይ ነው፤ ሰፊ መደብ አውጥቶ በመካከሉ ውኃውን ማጠንፈፍ። የቦዩ መጨረሻ በጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይከፈት አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። በተዳፋት አገር ያልታሰበበት ቦይ ቦረቦር ይወልዳልና።

ሦስተኛው አሲዳማነት ነው፤ ሰፋ ያለ ማብራሪያም ይሻል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በተለያየ ደረጃ በአሲዳማነት እንደተጠቃ በግብርናው ዘርፍ ተደጋግሞ የሚጠቀስ ግምት ያሳያል፤ ችግሩ የሚበረታውም ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋማ አካባቢዎች ነው። የአፈሩ የፒኤች መጠን ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ማዕድን ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟል። የሟሟው አሉሚኒየም በመጀመሪያ የሚያጠቃው የሥርን ጫፍ፣ ያውም ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነውን የሚያድገውን ክፍል ነው። ሥሩ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ይጠወልጋል፤ ቅርንጫፍና የሥር ፀጉር አያወጣም። ከላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ሰብሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይቀጭጫል፤ አርሶ አደሩም ማዳበሪያ ያነሰው መስሎት ይጨምራል። የጨመረው ፎስፈረስ በአሲዳማው አፈር ይታሰራል፣ ያልታሰረውንም አጭሩ ሥር አይደርስበትም። ገንዘቡ እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራል።

ሁሉም ሰብል እኩል አይጎዳም። በጠቅላላው ከብርዕ ሰብሎች ገብስ ለአሉሚኒየም እጅግ ስስ ከሚባሉት ነው፤ ስንዴ እንደ ዝርያው ይለያያል፤ በአማራ ክልል ደጋማ ወረዳዎች እየተለመደ የመጣው ትሪቲካሌ የተሻለ ይቋቋማል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ በደንብ ታውቋል። ቻይ የሆነው ስንዴ ከሥሩ ጫፍ ማሌት የተባለ አሲድ ያመነጫል፤ ይህ አሉሚኒየሙን ጠፍሮ ይይዘውና ወደ ሥሩ እንዳይገባ ያደርገዋል። ይህን የሚያዝዘው ዘረ መል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ከአሉሚኒየም መቋቋም ጋር በተያያዘ በሰብል ላይ ከተለዩት ዘረ መሎች ቀዳሚው ነው።

የገብሱ ታሪክ ከዚህም ይበልጥ ያስገርማል። በገብስ ውስጥ ሲትሬት የተባለውን አሲድ የሚያስወጣ ዘረ መል አለ፤ የጥንት ሥራው ግን ከአሉሚኒየም ጋር የተያያዘ አልነበረም፣ ብረት ከሥር ወደ ቅጠል እንዲጓዝ ማገዝ ነበር። በምሥራቅ እስያ አሲዳማ አፈር ላይ ሲዘራ በኖረ ገብስ ላይ ግን ከዚህ ዘረ መል አጠገብ አንድ ሺህ ፊደላት ገደማ የሚሆን የዘር ቁራጭ ገባ። በዚህ ምክንያት ዘረ መሉ በሥር ጫፍ ላይም መሥራት ጀመረ፤ ገብሱም አሲዳማውን አፈር ቻለ። የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ያብራሩት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ይህን ለውጥ ያመጣው ላቦራቶሪ አልነበረም፤ በአርሶ አደር ማሳ ላይ በዘመናት ብዛት ተመርጦ የቆየ ነው።

ሆኖም ቻይ ዝርያ አፈሩን አያክመውም። አሲዳማ አፈርን የሚያክመው የግብርና ኖራ ነው። ኖራ ከባድ ነው፤ ለአንድ ሄክታር ብዙ ጊዜ በአሥሮች ኩንታል የሚቆጠር መጠን ያስፈልጋል፤ መኪና በማይገባበት ተራራማ ቀበሌ ደግሞ ከዋጋው ይልቅ ማጓጓዣው ይከብዳል። ኖራውም የሚያክመው የተቀላቀለበትን የላይኛውን ንጣፍ እንጂ ከሥሩ ያለውን አይደለም። ስለዚህ ኖራና ቻይ ዝርያ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር ሳይሆን የሚያግዝ ተደርጎ መታየት አለበት። ከሁሉ በፊት ግን ማሳው በእርግጥ አሲዳማ መሆኑ በምርመራ መረጋገጥ ይኖርበታል። ጎረቤት ስለተጠቀመ ብቻ ኖራ መበተን አይገባም፤ አሲዳማ ባልሆነ አፈር ላይ የተበተነ ኖራ ወጪ ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ነው።

አራተኛው የፎስፈረስ እጥረት ሲሆን ከሦስተኛው ጋር ይዛመዳል። በሰሜን ተራሮች ከፍታ ላይ የሚገኘው ጥቁርና ልል የእሳተ ገሞራ ውላጅ አፈር ለዓይን የለማ ይመስላል፤ በአስኳሉ ያለው ማዕድን ግን ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል። ፎስፈረስ ያነሰው ተክል ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ ከላይኛው ንጣፍ የጎን ሥሮችንና የሥር ፀጉርን ያበዛል። እዚህ ላይ አንድ የማይቀር ግጭት ይታያል። ለድርቅ የሚበጀው ጥልቅ ሥር ነው፤ ለፎስፈረስ የሚበጀው ላይኛውን አፈር የሚያስስ ሥር ነው። ተክሉ ያለው ጉልበት የተወሰነ በመሆኑ ሁለቱንም በእኩል ማድረግ አይችልም። አንድን ዝርያ "ለሁሉም የሚሆን" ብሎ ማስተዋወቅ ከዚህ እውነት ጋር ይጋጫል።

የጎተራው ዘር

የአካባቢው ነባር ዘሮች ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ነባር ገብስ ወይም ነባር ስንዴ አንድ ወጥ ዝርያ አይደለም፤ በአንድ ማሳ ላይ እንኳ የተለያየ ጠባይ ያላቸው ተክሎች ድብልቅ ነው። አንዱ ሥሩን ቁልቁል ይልካል፣ ሌላው ይዘረጋል፤ አንዱ ቶሎ ይደርሳል፣ ሌላው ይዘገያል። በጥሩ ዓመት ይህ ድብልቅ ከተሻሻለ ዝርያ ያነሰ ምርት ሊሰጥ ይችላል። በክፉ ዓመት ግን ሁሉም አብሮ አይወድቅም። አርሶ አደሮች በየጊዜው ሲመርጡት የኖሩት ዛላውን አይተው ቢሆንም፣ ድርቅና ውርጭ ከእነርሱ ጋር ሆነው ሥሩን ሲመርጡት ኖረዋል።

ይህን ሀብት ከሩቅ መጥተው የተመለከቱት ብዙዎች ናቸው። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ጎንደርን አልፎ ወደ አክሱም በተጓዘበት ጊዜ የስንዴውንና የገብሱን ብዛት አይቶ አገሪቱን ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት እንደ አንዷ ቆጥሯታል። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ዘረ መል የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ አቀንጭራ ቫይረስ ታድጓል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ገብስ የተገኘ ሌላ ዘረ መል ደግሞ የአውሮፓን የገብስ ማሳዎች ከአመዳይ በሽታ ለረጅም ዘመን ጠብቋል። በማሽላም እንዲሁ ነው። ዝናብ ካቆመ በኋላ ቅጠሉ ቶሎ የማይደርቀው፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ድርቅን ለመቋቋም ዝርያ ሲዳቀልበት የኖረው መሥመር ምንጩ የኢትዮጵያ ማሽላ ነው። በአውስትራሊያ የተደረጉ ጥናቶች ይህ አረንጓዴነት ተክሉ ውኃን ለፍሬ ጊዜ ቆጥቦ ከማቆየቱና ሥሩ ከሚዘረጋበት ማዕዘን ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክተዋል። ሊማሊሞን ወርዶ የሚዘራው ማሽላ ለዚህ ቤተሰብ ሩቅ ዘመድ አይደለም።

በአገር ውስጥም ይህን ሀብት የመጠበቅ ሥራ በ1968 ዓ.ም. በተቋቋመው የጂን ባንክ ተጀምሮ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይካሄዳል። ባንኩ ከ15 ሺህ በላይ የገብስ ናሙናዎችን ይዟል። ተቋሙን በመምራት ነባር ዘሮች በጎተራና በማሳ ጭምር እንዲጠበቁ የታገሉት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል። የእርሳቸው ክርክር ዛሬም ትክክል ነው፤ በባንክ ውስጥ የቀዘቀዘ ዘር ከተቀመጠበት ዓመት ጋር ይቆማል፣ በማሳ ላይ ያለ ዘር ግን ከአየር ንብረቱ ጋር መለወጡን ይቀጥላል።

ነባር ዘር ከተሻሻለ ዝርያ ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት ግን አይደለም፤ ነባሩ ሁልጊዜ ያንሳል የሚለው ግምትም እኩል ስሕተት ነው። በአማራ ክልል በመቄት ወረዳ ገረገራና በትግራይ በሐገረ ሰላም 400 ያህል የነባር ዱረም ስንዴ ዓይነቶች በአንድነት ተዘርተው፣ ወንድና ሴት አርሶ አደሮች በራሳቸው መለኪያ እንዲመዝኗቸው ተደርጎ ነበር። ከነባሮቹ መካከል ከተሻሻሉት ዝርያዎች የበለጠ ምርት የሰጡ ተገኝተዋል፤ በኋላም ከዚህ ሥራ የወጡ ዝርያዎች በይፋ ተመዝግበዋል። ለደባርቅና ለዳባት የሚሆነው ትምህርት የተገኘው ዘር ራሱ ሳይሆን አሠራሩ ነው፦ ብዙ ዓይነት፣ በቦታው ላይ፣ በሚዘራው ሰው ዓይን።

ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገው ዘር በጸጥታ መጥፋቱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ቤተሰቦች ሲፈናቀሉ፣ በ2015/16 ደግሞ በተራራው ማዶ ድርቅ ሲበረታ፣ አደጋ ላይ የወደቀው የዓመቱ ቀለብ ብቻ አልነበረም። የተራበ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፤ የተፈናቀለ ቤተሰብ ጎተራውን ትቶ ይሄዳል። በቀጣዩ ክረምት በእርዳታ የሚደርሰው ዘር ሕይወት ያተርፋል፤ ነገር ግን ከየት እንደመጣ፣ ለምን ከፍታ እንደተለቀቀ ካልተጠየቀ ለዚያ አፈር እንግዳ ሊሆን ይችላል። ዘር የሚያከፋፍሉ አካላት ከመጠኑ እኩል ለዝርያው መነሻና ለሚስማማው ከፍታ ትኩረት ሊሰጡ ይገባል። ዘር የሚቀበለው አርሶ አደርም የዝርያውን ስም፣ የተመከረለትን ከፍታና የሚደርስበትን ጊዜ ጠይቆ የማወቅ መብት አለው፤ መረጃው በከረጢቱ መግለጫ ላይ መኖር ይገባዋል።

ነባር ዘርን ከጎረቤት ጋር መለዋወጥ ክልክል ነው ወይ የሚል ጥያቄም ይነሣል። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 በአካባቢ ማኅበረሰቦች መካከል በልማድ የሚደረገውን አጠቃቀምና ልውውጥ አይከለክልም። ፈቃድ የሚጠየቀው ሀብቱን ለምርምር ወይም ለንግድ ሊወስድ የሚፈልግ አካል ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው ሲያጋጥም ፈቃዱን ማየትና ለቀበሌ ማሳወቅ ተገቢ ነው።

ማሳን መቆፈርና ማስመርመር

ሥርን ለማየት ላቦራቶሪ የግድ አይደለም። ሰብሉ ማበብ ሲጀምር ከደህናው የማሳ ክፍል ሦስት አራት፣ ከደካማው ክፍልም እንዲሁ ሦስት አራት ተክል በዶማ ከዙሪያው ሰፋ አድርጎ ቆፍሮ ማውጣት፣ በባልዲ ውኃ አፈሩን ቀስ ብሎ ማጠብና ጎን ለጎን ማስተያየት ይቻላል። ሥሩ በአንድ ጥልቀት ላይ ሁሉ ወደ ጎን ከታጠፈ የጠጠረ ንጣፍ መኖሩን ያመለክታል። ከጠቆረና ከሸተተ ውኃ መተኛቱን ይናገራል። ጫፉ አጥሮ ከደደረና ፀጉር ከሌለው አሲዳማነት ሊጠረጠር ይችላል። ይህ ጥርጣሬን ለመፍጠር የሚበቃ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ኖራ የሚገዛው በላቦራቶሪ ውጤት ነው።

ናሙና ለማስመርመር የሚፈልግ አርሶ አደር በቅድሚያ በቀበሌው የሚገኘውን የግብርና ልማት ጣቢያ ባለሙያ ማነጋገር ይኖርበታል። ናሙናው ከማሳው አንድ ጥግ የሚታፈስ አፈር መሆን የለበትም። በማሳው ላይ እየተመላለሱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ከሚደርሱ ቦታዎች እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር መውሰድ፣ በንጹሕ ዕቃ መቀላቀል፣ ከዚያ አንድ ኪሎ ያህሉን በንጹሕ ከረጢት ማድረግ ነው። አመድ ከተደፋበት፣ ከብት ካደረበት፣ ከአውድማ፣ ከእርከን ጫፍና ከዛፍ ጥላ ሥር አይወሰድም። የማዳበሪያ ጆንያ ለናሙና መያዣ መጠቀም ውጤቱን ያዛባል፤ ይህ በተደጋጋሚ የሚፈጸም ጥፋት ነው። ላይኛውና ታችኛው ማሳ በቀለም ወይም በተዳፋትነት ከተለያዩ ለየብቻ ናሙና ይወሰድላቸዋል። በከረጢቱ ላይ የባለቤቱ ስም፣ ቀበሌው፣ የማሳው መጠሪያ፣ ያለፈው ዓመት ሰብልና ኖራ ተጨምሮ ከሆነ ዓመቱ ይጻፋል። ናሙናው በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል በክልሉ ካሉት የአፈር ላቦራቶሪዎች ለአካባቢው ቅርብ ወደሆነው የጎንደሩ ሊላክ ይችላል። ስለ ሰብል አመራረት አጠቃላይ ምክር የሚፈልግ ተገልጋይ ደግሞ በ8028 ነፃ የስልክ መሥመር ደውሎ በአማርኛ ማዳመጥ ይችላል።

ጊዜው ወሳኝ ነው። ኖራ ከአፈር ጋር ተዋሕዶ ሥራውን እንዲጀምር ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ተበትኖ በእርሻ መቀላቀል አለበት። የምርመራው፣ የኖራው ጥያቄና የማጓጓዣው ጊዜ ሲደመር ወራት ይወስዳል። ስለሆነም ለመጪው ክረምት ዘር የሚደርስ ውጤት የሚፈልግ አርሶ አደር ናሙናውን ማስገባት ያለበት ምርቱ እንደተነሣ፣ አፈሩ ደረቅ በሆነበት በበጋው ወራት ነው፤ በግንቦት የሚመጣ ናሙና በአብዛኛው የሚጠቅመው ለቀጣዩ ዓመት ነው።